«አይቻለሁ» የሌለበት ወረቀት

ይድረስ ለወንድሜ ለጀይላን፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ የሚያስቸግርህ ጆሮህ ተሻለህ? ያለህበት ቦታ ይበርዳል ወይስ እንደኛ ጨፋ ሜዳ ይሞቃል? አከም ጅርታ? ሁልጊዜ በኦሮምኛ ስትጠይቀኝ እኔ በአማርኛ እየመለስኩ አበሽቅህ ነበር፤ አሁን ጠያቂው እኔ ሆንኩ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እማም አባም ደህና ናቸው። ታናሽ እህታችን አፍናን የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ቀይዋ ጊደር አርግዛለች። ከአንተ በስተቀር የጎደለን ነገር የለም።

ወደ ሰንበቴ ከተማ የተሳፈርክበት ሚኒባስ ተገልብጦ አንተን ከአያታችን አጠገብ ካኖርንህ ዛሬ አርባ አምስት ቀን ሆነ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይጻፋል ወይ እንዳይሉኝ ለማንም አልተናገርኩም። ግን በሰሌዳህ ላይ የሆነውን ከእኔ ሌላ የሚነግርህ የለም። መጥፎ ነገር አስቤያለሁ፤ እሱንም ከእኔው ብትሰማ ይሻላል።

ከቀብርህ ወደ ከሚሴ ስመለስ በኮሌጁ በር በኩል ማለፍ አቃተኝ። ከትምህርት ቤት ወደ ክፍላችን የምሄደው በገበያው ዞሬ ነበር። የኢክላስን ፎቶ ኮፒ ቤት ግድግዳ፣ እዚያም ላይ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳህን ላለማየት ነው። የሚከራይ ክፍል፣ የሚሸጥ ፍራሽ፣ ያገለገለ ጋውን፣ የሒሳብ አስጠኚ፣ የጠፋ መታወቂያ፤ ሁሉንም በእጅህ ትጽፋለህ፣ ተማሪው እየቀደደ እንዲወስድ ከሥሩ ስልክ ቁጥሩን ደጋግመህ ጽፈህ በመቀስ ትሰነጥቀዋለህ። በጥጉም በአረንጓዴ እስክሪብቶ «አይቻለሁ፤ ጀይላን» ትላለህ። ሄደህ ያላየኸውን አንድም ቀን አልለጠፍክም። የክፍሉን በር ቆልፈህ ከፍተህ፣ ፍራሹን ተኝተህበት፣ አስጠኚውን ራሱን ጥያቄ ጠይቀህ ነው።

ወር ሊሞላህ ሲል ኢክላስ መንገድ ላይ ያዘችኝ። «አንተ ሙሀመድአሚን፣ ሱቄ ይናከሳል እንዴ እንዲህ ዞረህ የምትሄደው?» አለችኝ። እየሳቀች ጀምራ ዓይኗ ሞላ። «ይሄን ሰሌዳ ወይ ያዘው ወይ ንቀለው። ወንድምህ ካለፈ ወዲህ ባለቤት የሌለው ግቢ ሆኗል፤ የመጣው ሁሉ ይለጥፍበታል» ብላ እጄን ጎትታ ወሰደችኝ።

እውነቷን ነበር። አዳዲሶቹ ወረቀቶች አንዳቸውም አይቻለሁ አይሉም። አንዱ «ለሴት ተማሪዎች ብቻ፣ ጸጥ ያለ ክፍል» ይላል፤ ሌላው «አሳይመንት በአንድ ቀን እንሠራለን» ይላል፤ የሁለቱም ስልክ ግን አንድ ነው። ክፍል የሚያከራየው ሰውዬ ከመቼ ወዲህ ነው አሳይመንት የሚሠራው? ሁለቱንም ቀደድኩ። ከዚያ ከታች በኩል በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ወረቀት አየሁ። «በነጻ የሚሰጥ የወንድ ተማሪ ዕቃ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ነጭ ጋውን፣ ካልኩሌተር፣ 42 ቁጥር ጫማ፣ ግራ እጅጌው የተሰፋ ጥቁር ጃኬት። ለችግረኛ ተማሪ። ስም መጠየቅ አያስፈልግም።» ከአሥሩ ቁጥሮች የተቀደደው አንድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ያንተው ትምህርት ነው። ለአዲስ ተማሪ ሁሉ «በነጻ የሚል ወረቀት ካያችሁ ኪሳችሁን ያዙ፤ ስም የሌለው ወረቀት ካያችሁ ደግሞ ሩጡ» ትል አልነበር? ይሄ ሁለቱም ነው። አንዱ አጭበርባሪ ልጆቹን ሊጠራበት ነው ብዬ ልቀድደው እጄን ስዘረጋ «ግራ እጅጌው የተሰፋ» የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። በሚስማር የተቀደደብህና አባ በገመድ መርፌው የሰፋልህ ጃኬትህ ነው። ጫማህም 42 ነው። የተዘረዘረው ሁሉ አልጋህ ላይና ከአልጋህ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ያለው ያንተ ዕቃ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ ከቀብርህ ቀን ጀምሮ እኔ አንገት ላይ ነው።

ሳጥንህ ውስጥ ያለውን የሚያውቅ ማነው? እኔና አሚር። የባቲው አሚር፣ የክፍል ጓደኛህ፣ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር አንድ ክፍል የኖረው፣ አንተን መቃብር ያወረደው አሚር። አንዴ ከጠረጠርኩ በኋላ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ለካ ሰሞኑን ስልክ ሲደወልለት ወጥቶ የሚያወራው ለዚህ ነው። አልጋህን የሚያነጥፈውም አቧራ እንዳይበላው ሳይሆን ፍራሹ ለገዢ እንዳያረጅበት ነው አልኩ። በነጻ የሚለው ማጥመጃ ነው፤ የመጣውን ሰው በጓሮ ያስከፍላል አልኩ። እስከ ቤት ድረስ ስሄድ ጥፋቱን እየጨማመርኩለት ሄድኩ።

ግቢ ስደርስ ካልሲውን ያጥብ ነበር። ነቅዬ ያመጣሁትን ወረቀት ፊቱ ወረወርኩና «የሞተ ሰው ልብስ ለመሸጥ አርባው እስኪያልፍ እንኳን አላስቻለህም?» አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩ፤ አልጽፈውም። አከራያችን እትዬ ፋጡሜ ከማጀት ብቅ ብለው «እናንተ ልጆች፣ ዶሮዎቼን አስበረገጋችሁብኝ! ጀይላን ቢኖር ይሄን ጩኸት ይፈቅድ ነበር?» ሲሉ ነው የቆምኩት። አሚር ካልሲውን ጨምቆ አሰጣና «እኔ ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ፤ መናገር አልችልም። ወረቀቱ ላይ ቁጥር አለ። ደውልና የሚያነሳውን ሰው እንዲህ አድርገህ ስደበው» አለኝ።

የማላውቀው ቁጥር ነው። ሌባው የእኔን ቁጥር እንዳይለይ በኢክላስ ስልክ ደወልኩ፤ ድምፄንም አወፈርኩት። ገና አንዴ እንደጠራ ተነሳ።

«አቤት ልጄ! ጫማው ልክህ ነው?» አለች እማ።

ወላሂ፣ ሌላ ሲም ካርድ አውጥታ ኖሯል። እሷ ቀጠለች። «አርባ ሁለት ነው። ቢሰፋህ ካልሲ ደርብበት። አትፈር ልጄ፣ እዚያ ያለው ልጅ ጽፎልኝ ነው እንጂ እኔ የገጠር ሴት ነኝ።» ስድቤን ሁሉ ይዤ ቆሜ «ዕቃው የማነው?» አልኳት በዚያው ባወፈርኩት ድምፅ። «የአላህ ነው» አለች። ታዲያ ለምን ስም አልተጻፈበትም ብላት «ሰደቃ ላይ የሰጪ ስም ምን ይሠራል? ስሜን ካወቅክ እኔን ታመሰግናለህ። ምስጋና አልፈልግም። ለአንድ ልጅ ዱዓ አድርግልኝ፤ ለተማሪ ሲሮጥ የኖረ ልጅ ነው፣ ዕቃውም ለተማሪ ይሁንለት ብዬ ነው» አለችኝ። ቀጥላም «አሥራ ስምንት ቀን ስልኩን ከጉያዬ አላወጣሁትም። የደወልከው አንተ ብቻ ነህ። ከሚሴ ላይ የተቸገረ ተማሪ ጠፋ እንዴ? አርባው አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው፤ ከዚያ በፊት ቢደርስለት ብዬ ነበር» አለች። ከዚያ «ጉንፋን ይዞሃል መሰል፣ ድምፅህ ተዘግቷል። ዝንጅብል ጠጣበት» አለችኝ። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ኢክላስ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። የተቸገረ ተማሪ አልጠፋም፤ ያስጠነቀቅካቸው አንተ ነህ። ስም የሌለውን አትመኑ ብለህ አስተማርካቸው፤ እማ ደግሞ ስም ያለበት ሰደቃ ሰደቃ አይደለም ብላ ደበቀችው። በሁለታችሁ መካከል ዕቃህ ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔስ? ከእኔ ለምን ደበቀች አልልም። አፍናን ጃኬትህን ልትለብስ ስትል እጇን መትቼ ሳጥኑን የቆለፍኩት እማ ፊት ነው።

አሚርን ይቅርታ ልጠይቀው ስሄድ ብዙ አላስለፈለፈኝም። «እናትህ ናት ቃል ያስገባችኝ። እኔም ብሆን የጓደኛዬን ዕቃ ወረቀት ላይ ሳይ አንተ እንዳበድከው አብድ ነበር» አለኝ። ያጠበው ካልሲ አንዱ የእኔ ነበር።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር፤ ከመስጊድ መልስ ቁልፉን ከአንገቴ አወጣሁ። ዕቃውን ሳላይ አይቻለሁ ብዬ መጻፍ አልችልማ። ያንተን አሠራር ይዤ አንድ በአንድ አየሁት። ካልኩሌተሩን ሰባት ሲባዛ ስምንት አልኩት፤ ሃምሳ ስድስት አለኝ። ጋውኑ ክርኑ ላይ የቀለም ነጠብጣብ አለው። የጫማህ ሶል በቀኝ ተረከዙ በኩል አልቋል፤ ከኋላህ ስሄድ ዘንበል ትል የነበረው ለዚህ ነው። ብርድ ልብሱን ዘርግቼ ቀዳዳ ፈለግኩ፤ የለውም። ፍራሹ ላይ እንደ አንተ ተኛሁበት። እዚያ ላይ ትንሽ ቆየሁ። የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይና ወደ ታች ሳደርግ ኪሱ ውስጥ ወረቀት ነካኝ። «የሚሸጥ ሳይክል። ሰንበቴ። ከሩቅ ለሚመላለስ ተማሪ የሚሆን» ይላል፣ በእጅህ ጽሑፍ። ሙቀት ነው ብለህ ጃኬቱን ትተህ የሄድክ ቀን ልታየው የነበረው ሳይክል። አረንጓዴው ጽሑፍ የለበትም።

እሱን ደብተሬ ውስጥ ከትቼ የእማን ወረቀት በእጄ እንደገና ጻፍኩት። የሰጪውን ስም እሷ እንደፈለገችው አልጻፍኩም። ተረከዙ ማለቁን፣ የቀለሙን ነጠብጣብ ጽፌ በጥጉ ግን በአረንጓዴ «አይቻለሁ፤ ሙሀመድአሚን፣ የጀይላን ወንድም» አልኩበት። ወረቀቱ በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን አደም የሚባል አንደኛ ዓመት ተማሪ በቁጥሩ ለእማ ደውሎ እኔ ጋ መጣ። የመጀመሪያውን ወረቀት ቁጥር ቀድዶ የነበረው እሱ ነው። «ልደውል ስል ትልልቆቹ ተማሪዎች ሌባ ነው፣ ጀይላን ራሱ ነግሮናል አሉኝ» አለኝ። በካርቶን ላይ ነበር የሚተኛው። ጫማህ ልኩ ነው። ፍራሹን ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጃኬትህን ለብሶ ሲወጣ እትዬ ፋጡሜ ከኋላው አይተው አንተን መስሏቸው እንስራቸውን ጥለው ነበር።

አርባህ ላይ ቤት ሙሉ ሰው መጣ፤ ዱዓውም አማረ። እማ ስለ ዕቃው አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። ልመለስ ስል ግን ግንባሬን ዳበሰችና «ጉንፋንህ ለቀቀህ?» አለችኝ። እኔን ዘንድሮ ጉንፋን አልያዘኝም።

እማ በየሰላቱ አንተን ታነሳለች። አባም ዱዓ ያደርግልሃል፤ ማሽላው ተወቅቶ አልቋል፣ አልሃምዱሊላህ። አፍናን አዲሱ ጥርሷ ሲበቅል ለጀይላን ላሳየው ብላለች። ኢክላስ ሰሌዳውን አዲስ ሚስማር አስመትታዋለች። እትዬ ፋጡሜ ስለ እንስራው ቂም አልያዙም፤ ልጁንም በጃኬትህ እደግበት ብለው መርቀውታል። ረመዳን ሳምንት አልቀረውም፤ አላህ ያድርሰን። አሚር ለልምምድ ባቲ ስለተመደበ ዓርብ ከሰዓት ጓዙን ይዞ ሄደ፤ ሲወጣ የክፍሉን በር ሁለቴ ቆልፎ ከፍቶ «ይሠራል፣ አይቻለሁ» አለኝ።

ስለዚህ ትናንት ቅዳሜ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነበር። ሱብሂ ሰገድኩ። አልጋህ ያለበትን ቦታ ጠረግኩ። ከዚያ ወረቀትህን ከደብተሬ አውጥቼ መናኸሪያ ሄድኩና የሰንበቴ መኪና ተሳፈርኩ። የተገለበጠበት ጋ ስንደርስ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ሣር በቅሎበታል፣ ፍየሎች ይበሉበታል። ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ደውዬ ያገኘሁት ቤት አብዱልጀባር የሚባሉ አዛውንት ቤት ነው። ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ በማዳበሪያ ተሸፍኖ ነበር። «ከኮሌጁ ሳይክሉን የሚያይ ልጅ ይመጣል ተብዬ ለሌላ ሳልሸጥ ስጠብቅ ከረምኩ፤ ቀረብኝ» አሉኝ። «ዘገየ እንጂ አልቀረም፣ ይኸው መጣሁ» አልኳቸው። ጎማውን ጨብጬ አየሁ፣ ካቴናውን አዞርኩ፣ ግቢያቸውን ሦስቴ ዞርኩበት። ከዚያው ግድግዳቸውን ተደግፌ ከጽሑፍህ ሥር በአረንጓዴ ጻፍኩ፤ የፊት ፍሬኑ አይይዝም፣ የኋላው ይይዛል፤ አይቻለሁ። ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ዛሬ ጠዋት ኢክላስ ሱቋን ሳትከፍት ነው።

ወንድምህ ሙሀመድአሚን
ከሚሴ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.