ኡርጌሳ ያመጣቸው ቃላት

ለውድ እማማ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የሱሉልታ ብርድስ በዚህ ሰሞን እንዴት ይዞዎታል? ጥጃዋ ዳነች ወይ? እኛ ጉለሌ ያለነው፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ቆመን እንሄዳለን። ደውለው ስላላነሳሁ ተቀይመውኝ ይሆናል። ጉንፋን ይዞኝ ነው ብዬ ልኬብዎት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ድምፄን አላመንኩትም። ወረቀት ይሻላል ብዬ ነው።

በታናሽ ልጅዎ በዋቅጋሪ በኩል የላኩብኝ ጥያቄ ደርሶኛል። ባለቤቴ ለጥምቀት ሲመጣ ጓሮ ቆሞ ይጮኸው የነበረው የባዕድ ቃል የሌላ ሃይማኖት ጸሎት እንዳይሆን ሰግተዋል አሉ። ልጅዎ ኡርጌሳ ማተቡን አልበጠሰም፣ እማማ። ዳርፉር ሰላም ሊያስከብር በሄደ ጊዜ ከፓኪስታን ወታደሮች ጋር አንድ ካምፕ ነበሩ፤ ኡርዱ የሚባለውን ቋንቋ ከእነሱ ለቃቀመ። የሰው ባል ከሰላም ማስከበር ፍሪጅ ይዞ ይመጣል፣ የእኔው መፈክር ይዞ መጣ።

«ዚንዳባድ» ሕያው ይሁን ማለት ነው፤ ከፋርስ የመጣ ነው ብሎኛል። «ፓኪስታን ዚንዳባድ» ሲሉ እንደኛው «ለዘላለም ትኑር» ማለታቸው ነው። «ወተን» አገር ነው። ጎረቤቴን ሪሐናን ብጠይቃት ከዐረብኛ የተወሰደ መሆኑን ነገረችኝ፤ ድሮ ሰው የሚኖርበት፣ የሚያድርበት ስፍራ ማለት ነበር አለች። ይሄኛውን ወደድኩት። ገብተው የሚተኙበት እንጂ የሚሞቱለት ነገር አይመስልም።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። እዚያም አገር እዚህም አገር፣ «ትኑር» የምትባለው አገር ናት። እነኡርጌሳ ከዳርፉር መልስ ወደ ግንባር ሲሸኙ ማይክራፎን የያዘው ሰውዬ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ፤ አንድ ጊዜ እንኳ «ልጆቹ ይኑሩ» አላለም። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅ አያርፍም።

ፓኪስታኖቹ «ከሞተ ሸሂድ፣ ከተረፈ ጋዚ» ይላሉ። ጋዚ ተዋግቶ በሕይወት የተመለሰ ነው። ሸሂድ የእኛው ሰማዕት ነው። የሸሂድም የሰማዕትም የቃላቸው ሥር ምስክር ማለት ነው አሉኝ። ምን አይቶ፣ ለማን እንደሚመሰክር ግን የነገረኝ ሰው የለም።

«ልጄ ከሁለቱ የትኛው ነው?» ይሉኝ ይሆናል። ይሄ በወረቀት የሚጻፍ አይደለም፣ እማማ። ማክሰኞ ዕለት ጳውሎስ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ከኡርጌሳ ጋር አንድ ምሽግ የነበረ ልጅ እግሩ ቆስሎ ተኝቷል ሲሉኝ ልጠይቀው ነው የሄድኩት። ስሜን ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆይቶ ሁሉንም ነገረኝ። ዋቅጋሪም አብሮኝ ነበር።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከዋቅጋሪና ከእድሩ ሽማግሌዎች ጋር እንመጣለን። የዚያን ቀን ላሟን ሌላ ሰው ይለብልዎት። እህትዎ ዓርብ እርስዎ ዘንድ መጥታ ታድራለች፤ ነግሬያታለሁ። ለምን መጣሽ ብለው አያስጨንቋት። አደራዎን፣ ጾም ነው ብለው በባዶ ሆድዎ እንዳያድሩ። ማታ እህል ቀምሰው፣ ደህና አድርገው ይተኙልኝ።

የእንጦጦዋ ማርያም ጉልበትዎን ታጽናልኝ፤ ከፊትዎ አትለይ።

ምራትዎ፣ ከእንግዲህ ደግሞ ልጅዎ