ከበሩ አጠገብ ያሉት ስድስት ወንበሮች

ቢሽኬክ፣ ፌብሩዋሪ 27

...ያን ጊዜ አምስት ዓመትህ ነበር፤ ወይም ስድስት። ናሪን፣ አጎታችን ቤት፣ ሰው ሁሉ የሱፍ ምንጣፉ ላይ በየዕድሜው ተደርድሮ ሳለ፣ አንተ ሮጠህ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከሁሉም በላይ፣ ሽማግሌዎቹ መካከል ሄደህ ቁጭ አልክ። አባባ አልተቆጡም። ብብትህን ይዘው አነሱህና እግርህ አየር ላይ እየተወራጨ በሰው ሁሉ ፊት አሳልፈው በሩ ሥር፣ ጫማዎቹ አጠገብ አስቀመጡህ። «ያኛው ቦታ የትም አይሄድም። ጢምህ ሲሸብት ታገኘዋለህ» አሉህ። ሰው ሳቀ። አንተ አለቀስክ። ከዚያ በኋላ የሆነው ጠፍቶብኛል። ሳምንቱን ሙሉ ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው። እኔ የት ነበር የተቀመጥኩት?

ውድ ወንድሜ መደርቤክ፣ ከዚህ መጀመር አልነበረብኝም፤ ሰላምታ ይቀድማል። እንዴት ነህ? እጅህ ዳነልህ? ያ ፋብሪካ አሁን እንኳ ጓንት ይሰጣችኋል? የኮሪያ ብርድ እንደኛው ደረቅ ነው ወይስ አጥንት ውስጥ ይገባል? እኛ ደህና ነን። የልጄ የአይዳይ ሳል ቀንሷል፤ ሌሊት ትተኛለች። አባባም ደህና ናቸው።

ስልኩን ትቼ በወረቀት የምጽፍልህ፣ በስልክ «አባባስ?» ስትለኝ «ደህና ናቸው» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ ስለምሻገር ነው። ወረቀት ላይ መሻገር ይከብዳል ብዬ ነበር። እንዳየኸው፣ አይከብድም።

የገበያ ማዕከላችንን ታውቀዋለህ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አየሩን የማይበክል፣ ለሰፈሩም ሰው የሚመች ይሁን ተብሎ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። የጓሮው የከሰል ማሞቂያ ተነቅሎ ወጣ። የመጨረሻው አካፋ ከሰል የገባ ቀን ሠራተኞቹ ፊታቸው እንደ ጠቆረ ፎቶ ተነሡ። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ተዘረጋ። የምግብ ቤቶቹ ትርፍራፊ ለዶሮ አርቢዎች ይሄዳል። ዋናው በር ድርብ ሆነ፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። በዚህ አላፍርም። ጠዋት መስኮት ስከፍት ከተማው አሁንም እንደ ጋራዥ ይሸታል፤ ጭሱ ውስጥ ግን የእኛ የለበትም። ልጄ ስትስል እንኳ «ይሄኛው የእኔ አይደለም» እላለሁ። ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም።

ፏፏቴውንም ከቦታው ያስነሳሁት እኔ ነኝ።

ታስታውሰዋለህ፤ ምድር ቤቱ መሃል፣ ከበሩ ፊት ለፊት ዘለቅ ብሎ፣ ዙሪያውን የድንጋይ ጠርዝ ነበረው። እናታችን ከሞተች ጀምሮ አባባ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እዚያ ጠርዝ ላይ ነበሩ። ነጭ የሱፍ ባርኔጣቸውን፣ ካልፓካቸውን ደፍተው፣ ሁለት እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ ጭነው፣ የሚገባውን ሰው ፊት ለፊት እያዩ። ከጎናቸው የሱፍ ካልሲ የሚሠሩት እማማ ሶኑን፤ ቀጥሎ ሌሎቹ ሽማግሌዎች። ወጣቶች ከበሩ ሲገቡ ገና ከሩቁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ አባባ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። ከላይኛው ፎቅ ሆኜ አይ ነበር። የማየው ግን ውሃውን ነበር። ስንት ሊትር እንደሚተን፣ ፓምፑ ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚበላ። ከውሃው ጋር ሌላ ነገር እንደሚነሣ አላሰብኩም።

አየር አይበክልም ብለው የሚሰጡን ሰርተፊኬት ለአካባቢው ሰው የሚሆን ማረፊያም ይጠይቃል። ንድፉን እኔ ሣልኩት። ከበሩ በስተቀኝ፣ ትልቁ መስኮት ሥር። ብርሃኑ ከውጭ ስለሚገባ መብራት አይፈልግም። ደረጃ የለውም፣ ለጉልበታቸው ጥሩ ነው። ሱቅ የሚፈልገው ቦታም አይደለም። ከተጣለ የዕቃ ማስቀመጫ ጣውላ ስድስት ወንበሮች አሠራሁ። የመደገፊያውን ልክ የወሰድኩት እቤት ካለው የአባባ ወንበር ነው፤ ሳልነግራቸው፣ ሻይ እያፈላሁ፣ በስንዝሬ። ወረቀቱ ላይ በጣም ያምር ነበር። ወረቀት ላይ በር ማለት አንዲት ቀጭን ቅስት ናት።

የተከፈተ ቀን ሁሉም መጡ። ቆሙ። ማንም አልተቀመጠም።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ እማማ ሶኑን፣ «ጫማ ጠባቂ ልታደርጊን ነው?»

«እማማ፣ እዚህ እኮ ብርሃን አለ፤ ካልሲዎን ሲሠሩ...»

«ብርሃንማ ደጅም ሞልቷል።»

«ተያት እንጂ» አሉ አንዱ ሽማግሌ፣ «ቀስ በቀስ ነው የምታስለምደን። ዛሬ በሩ ሥር፣ ነገ ከበሩ ውጭ።»

ሳቁ። አባባ አልሳቁም። ወንበሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ በጣታቸው ቆርቆር አደረጉት። «ወንበሩ ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ካልፓካቸውን አስተካክለው ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ድርቡ በር በደንብ ሠራ፤ ቅንጣት ብርድ አላስገባም።

አላወቅሁም ማለት አልችልም፣ መደርቤክ። ለሰርተፊኬቱ የምትመጣው ገምጋሚ የውጭ ሰው ናት፤ እሷ ባታውቅ ማን ይፈርድባታል? እኔ ግን ያ ምንጣፍ ላይ ያደግሁ ነኝ።

አባባም ሌሎቹም ሽማግሌዎች አምስት ሳምንት አልመጡም። ቤታቸው ቁጭ አሉ፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፤ የእነሱ ሕንፃ ማሞቂያ ለብ ብሎ ይቀራል። እኔ ወደ አለቃዬ ወደ አዝሬት ሄድኩ። ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ወንበሮቹ ፏፏቴው የነበረበት ቦታ ይሂዱ አልኩት። እዚያ ግን የስልክ መሸጫ ቆሟል።

«እትዬ ቡሩላይ፣ ሰርተፊኬቱ ይምጣና እናየዋለን። አሁን የጸደቀው ያንቺው ንድፍ ነው።»

«ገምጋሚዋ ስትመጣ ባዶ ወንበር ልናሳያት ነው?»

«አባትሽ ይቀመጡ። እሳቸው ከተቀመጡ ሌላው ይከተላል።»

ሄጄ ለመንኳቸው። አንድ ሰዓት ብቻ አልኳቸው።

«ሥራሽ ነው?» አሉኝ።

«ሥራዬ ነው፣ አባባ።»

«ካልፓኩን ላድርግ?»

«አዎ» አልኩ። ለፎቶው ያምራል ብዬ ነው። ሌላውን ሁሉ ለራሴ ማስረዳት እችላለሁ፤ ይቺን «አዎ» ግን አልቻልኩም።

የመጡት ረቡዕ ነው። ጢማቸውን ተላጭተው፣ ይሠሩበት የነበረው የከተማው ማሞቂያ ጣቢያ ጡረታ ሲያወጣቸው የሰጣቸውን ሜዳሊያ ደረታቸው ላይ አድርገው። ከስድስቱ ወንበሮች ለበሩ በጣም የቀረበውን መረጡ። ሁለት ሽማግሌዎች አዩአቸውና መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። እማማ ሶኑን አልመጡም፤ «ለልጅሽ ካልሲ እሠራለሁ፣ ለፎቶ ግን አልቀመጥም» ብለውኛል። አንድ ወጣት ከውጭ ገባ። እንደ ልማዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ መሃል፣ ወደ ስልክ መሸጫው ተመለከተ። ማንም የለም። ከዚያ ክርኑ ሥር አባባን አያቸው። እጁ ወረደ። የት እንደሚያደርገው ጨነቀው፤ ኪሱ ከተተው።

ገምጋሚዋ ጎንበስ ብላ በአስተርጓሚ ጠየቀቻቸው፤ ቦታው ተመቸዎት?

አባባ እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አይደለም።

«ልጄ የሠራችው ነው» አሉ።

ሴትዮዋ እጇን ልቧ ላይ አደረገች። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ፎቶ አነሱአቸው።

ሰርተፊኬቱ መጥቷል፤ አሁን ግድግዳ ላይ ነው፣ የአባባም ፎቶ ከሥሩ። አዝሬትን የስልክ መሸጫውን ነገር ሳስታውሰው «እትዬ፣ ፎቶው ላይ እኮ ተቀምጠዋል» አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም። እውነቱን ነው፣ ተቀምጠዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አባባ አንድም ቀን አልመጡም፤ ለእኔም ከሰላምታ በላይ ቃል አልወጣቸውም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ካልፓካቸውን አድርገው ከቤት እንዲወጡ። የትም ይሁን። ሰው ባለበት።

እባክህ ደውልላቸው። የገበያ ማዕከሉን ነገር አታንሣ። የናሪኑን ቤት አንሣባቸው፤ እንዴት እንዳነሱህ፣ እንዴት እንዳለቀስክ። እኔ የት እንደ ነበርኩ ጠይቅልኝ። ደግሞ የመጨረሻው ወንድ ልጅ አንተ ነህ፤ በልማዳችን ቤቱ ያንተ ነው፣ አብረሃቸው መኖር ያለብህም አንተ ነህ። እየወቀስኩህ አይደለም። በጸደይ እመጣለሁ ብለህ ነበር። ቀኑ ተቆረጠ?

መንገድህ ቀና ይሁን፤ እጅህ ይዳን፤ የምትበላው ትኩስ፣ የምትተኛበት ሙቅ ይሁን። የእናታችን ምርቃት ካለህበት አይጣህ።

እህትህ ቡሩላይ

ፖስታውን ሳልዘጋ አንድ ነገር። ዛሬ ከሰዓት ማንቲ፣ ያን ሥጋ በሊጥ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለውን፣ ሠርቼ ይዤላቸው ሄድኩ። ከፈቱልኝ። እጄን ይዘው ወደ ውስጥ መሩኝ፤ በሩ ፊት ለፊት፣ መስኮቱ ሥር፣ የእሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እነሣለሁ ስል ትከሻዬን ጫን አደረጉ። «ተቀመጪ። አለቃ ነሽ» አሉ። ፊታቸው ላይ ቀልድም ቁጣም ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ከዚያ ሄደው ጫማ የምናወልቅባት በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ አንድም ሳያስተርፉ በሉ። እኔ ከላይ ሆኜ አየሁ። መደገፊያው ለጀርባዬ ልክ ነው።

ስነሣ ጫማዬን አቀበሉኝ። ወጣሁ። በሩን ለመዝጋት መነሣት አላስፈለጋቸውም፤ እጃቸውን ዘርግተው ዘጉት።