ሃርድ ዲስኩን ከመሰካትህ በፊት

ልጄ፣ ከሥራ ስትገባ ይህን ሳታነብ ሃርድ ዲስኩን እንዳትነካው።

ጠጋኙ ጋ ወስጄው ነበር። «እማማ፣ ምናልባት ኬብሉ ይሆናል» ብሎ ሌላ ሰጥቶኛል፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። መጀመሪያ በሱ ሞክር። ቋ ቋ ካለ ግን ወዲያው ንቀለው፤ መደጋገሙ ይብስበታል ብሎኛል።
ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርግ?» ብሎ ከጠየቀህ እንቢ በል። እሺ ካልከው ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ያጠፋዋል።

ከተከፈተልህ ለማየትና ለማዳመጥ አትቀመጥ። መጀመሪያ እናትህ ያለችበትን ገልብጥ። ፊልሞችህ ይቆዩ።

«ሃርድ ዲስኩ መጠባበቂያ ነው አክስቴ፣ አታስቢ» ብለህ ከኮምፒውተሩ ላይ ስታጠፋት አምኜህ ነበር። እኔ መጠባበቂያ የሚባለው ዋናው ሲኖር ነው የሚመስለኝ።
ይሁን።

ትናንት ለአፍታ ተከፍቶልኝ ነበር። እዚህ ቤት ዕቃ ስናስገባ የቀረጽከው ቪዲዮ ነው። እህቴ ነፍሷን ይማረውና፣ ከውጭ ሆና «ኧረ በሩን ክፈቱልኝ፣ እጄ ሞልቷል» አለች። እኔ ሞኟ ተነሥቼ ከፈትኩላት። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። መልሼ ልዘጋው ብል እጄ እንቢ አለኝ፤ አንተ እስክትመጣ ድረስ ክፍቱን ነው የቆየው። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ሙቀት» ያልኩህ ለዚያ ነው።

ዛሬ ወንድሜ ጋ አድራለሁ። ስትሰካው አጠገብህ መቆም አልችልም። ምግብህ ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀህ ብላ።

ካልተከፈተ አትደውልልኝ። ነገ መጥቼ ስጠይቅህ፣ «ገና እየገለበጠ ነው» በለኝ።

አክስትህ