ለክብርዎ የተቆረጠው አበባ

ለክቡር ኢንጂነር ፋብሪሲዮ ሴሊ
የክፍለ ሀገሩ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ

ክቡርነትዎ ሆይ፣ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። አምና ወደ ተራራችን ወጥተው ሲመለሱ ጉንፋን እንደያዘዎት ሰምተን ስናስብ ከርመናል፤ ዛሬ በሙሉ ጤና እንደሚገኙ፣ ድምፅዎም እንደ ቀድሞው ለረጅም ንግግር እንደሚበቃ ተስፋዬ ጽኑ ነው። እኔ የሳን ሂላሪዮ መንደር የበዓል ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። የብርቅዬዋ ወፋችን መጠለያ የተመረቀበትን ቀን ዳግም ልናከብር ስለሆነ «የአበባው ቅስት እንዳምናው ይሁን፣ ቢቻል ሰፋ ይበል» የሚለው መልእክትዎ ደርሶኛል። መልሴን ሁሉም እንዲሰማው በአደባባይ እጽፋለሁ።

፩ኛ፦ አስቀድሜ ስለ ሰሌዳው አመሰግናለሁ። ከእኛ ተራራ በቀር የትም የማትገኘውን ኪንዴያችንን፣ በአየር ላይ ቆማ የአበባ ወለላ የምትጠጣውን አውራ ጣት የምታህል ወፍ፣ በሬ አሳክለው አስለውልናል። ሰሌዳውን የጫነው መኪና እንዲያልፍ የተመነጠረው ቁጥቋጦ ቹኪራጉዋ ነበር፤ በደረቁ ወራት ከዚያ ብርቱካናማ አበባ ሌላ እምብዛም ምግብ የላትም። ቢርባት ሥዕሏን እያየች ትጽናናለች።

፪ኛ፦ ለመታሰቢያ ያስተከሉን የባዕድ አገር ጥድ ምንጫችንን ጠጥቶ አምሮበታል። አበባዋን የሚፈጀውን እሳት ግን በእርስዎ ላላክክ አልችልም፤ ለከብቶቻችን ለምለም ሣር እንዲያቆጠቁጥ ብለን በየዓመቱ ተራራውን የምናቃጥለው እኛው ነን።

፫ኛ፦ እዚህ ላይ ብዕሬ ይከብደኛል። በእኛ ዘንድ የከበረ እንግዳ በአበባ ቅስት ሥር ሳያልፍ መንደር አይገባም፤ ባዶ እንጨት አቁሞ መቀበል ነውር ነው። ስለዚህ አምና ወፏን ሊያድኑ የሚመጡትን እርስዎን ለመቀበል ደቦ ጠራሁ፤ ሰው ማጭዱን ይዞ ወጣ፤ ኪንዴዋ በምትኖርበት ገደል ዙሪያ ያለውን የቹኪራጉዋ አበባ ሙልጭ አድርገን አጨድነው። እኅቴ ማሪያና «ዞይሊታ፣ ለኪንዴዋ ትንሽ አትተዪላትም እንዴ? እሷም እኮ የበዓሉ ባለቤት ናት!» ብትለኝ፣ «አንቺ ደግሞ! ለእንግዳ ይሰሰታል? አበባ እንደሆነ ይበቅላል» ብዬ ሰው አሳቅሁባት።

እርስዎ ስለ ተፈጥሮ ፍቅር ሲናገሩ ወፏ መጣች። ከራስዎ በላይ በአየር ላይ ቆማ በቅስቱ ላይ የጠወለገውን አበባ አንድ በአንድ ሞከረችው። «ልታመሰግነን መጣች!» አሉ፤ አጨበጨብን፤ ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብሁት እኔ ነበርሁ። እርስዎ የተጠበሰውን ኩይ፣ ያን ጥንቸል መሰል የጓዳችንን እንስሳ፣ በልተው ከሄዱ በኋላ ወደ ገደሉ ወጣሁ። ከድንጋዩ ጥላ ሥር በተጣበቀው ጎጆ ውስጥ ጫጩቶቿ ሞተው አገኘኋቸው። እናታቸው ምግብ ፍለጋ እኛ ዘንድ ስትንከራተት እነሱን የሚያሞቃቸው አልነበረም። በመዳፌ ሳኖራቸው ክብደት አልነበራቸውም። ያን ቀን አፈርሁ፤ እፍረቱም አልለቀቀኝም።

ክቡርነትዎ፣ ዘንድሮ እዚያው ድንጋይ ሥር ጎጆ ሠርታለች። ከአምናው ማጭድ የተረፈው ሥር አቆጥቁጦ ጥቂት አብቧል፤ ለእሷና ለእርስዎ አብሮ የሚበቃ ግን አይደለም። ባለፈው እሑድ በስብሰባ ይህን ስናገር፣ አባት ለማለት «ታይታ» የምንላቸው የመንደሩ ሽማግሌ ማኑዌል «ታዲያ ባዶ እንጨት እናቁምለት? ሰው ምን ይለናል ልጄ?» ብለው ተቆጡ። «ያለውን ይበል ታይታ፤ ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ» አልሁ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ እሳቸውም «እንግዲህ እንግዳው ይቻለው» ብለው ተቀመጡ። ስለዚህ ቅስትዎ ዘንድሮ ባዶ እንጨት ነው። ለደረሰብዎ ውርደት ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ይቅርታ የሚገባት ሌላዋ ግን ማንበብ አትችልም።

ለክብርዎ ማጭድ ይዛ አንድ ጊዜ ያጎነበሰች፣ ዳግም ግን ወገቧ እምቢ ያላት፣ ትሑት አገልጋይዎ
ዞይላ ጓላን

ድኅረ ጽሑፍ፦ በንግግርዎ መካከል ወፏ ልታመሰግንዎ ካልመጣች እንዳይቀየሙ፤ ቤቷ በልታ ጠግባ ነው።