የመምህርት ገለቴ ኢተፋን ዕረፍትና ይህ መግለጫ የዘገየበትን ምክንያት ስለማሳወቅ

ለኮሌጁ መምህራንና ሠራተኞች፣ ለተማሪዎቻችን፣ እንዲሁም በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታና በተጂ ለሚገኙ ወላጆች

ቀጨሞ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ የመማር ማስተማር ምክትል ዲንና የሒሳብ መምህርት የነበሩት ወ/ሮ ገለቴ ኢተፋ በኮሮና ቫይረስ ሕመም ምክንያት በመጋቢት ወር መጨረሻ ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩን መሆኑን የሚያሳውቀው በከባድ ሐዘን ነው።

ብዙዎቻችሁ ይህን ቀድማችሁ ሰምታችኋል። አልቅሳችሁ እንባችሁ ከደረቀ በኋላ የኮሌጁ መግለጫ ዛሬ ሲደርሳችሁ “ለቀባሪው አረዱት” ብትሉ አንቀየምም። የዘገየነው በቸልተኝነት ግን አይደለም። የመምህርት ገለቴ እናት ወ/ሮ ዱርሲቱ ተጂ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ የልጃቸው ሞት አልተነገራቸውም ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በቴሌግራም ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። የኮሌጁን መግለጫ አንድ ጎረቤት በስልኩ አይቶ “ነፍስ ይማር” እያለ ደጃቸው ቢደርስስ የሚለው ስጋት አፋችንን ይዞት ከርሟል። የወ/ሮ ዱርሲቱ ወንድም ኦቦ ሊቤም “እኔ በአካል ሄጄ ሳላረዳት አንድ ቃል እንዳታወጡ” ሲሉ አደራ ጥለውብናል። ኦቦ ሊቤ ግን የእህታቸውን ልጅ መምህርት ገለቴን ሲያስታምሙ ስለነበር ራሳቸውን ለይተው መቆየት ነበረባቸው። ስለዚህ ሁላችንም ጠበቅን። እናትየው ምንም ሳያውቁ እኛ እያወቅን መቆየታችን ከሐዘኑ በላይ የከበደን ጊዜ ነበር።

መምህርት ገለቴ በተጂ ተወልደው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን በሰበታ ተከታትለዋል። በሒሳብ ትምህርት ተመርቀው በ2001 ዓ.ም. ኮሌጃችንን ተቀላቅለዋል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በምክትል ዲንነት አገልግለዋል። ኮሌጁ ይፈራቸው ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ስብሰባ ላይ አርፍዶ የገባ ሰው ወንበሩን ስቦ እስኪቀመጥ ድረስ ንግግራቸውን አቁመው ይጠብቁት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ የሚያረፍድ አልነበረም። ክፍል ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። “ገባችሁ?” ብለው ይጠይቃሉ፤ ዝም ከተባሉ “ኢሲኒፍ ገሌ?” ብለው በኦሮምኛ ይደግሙታል፤ አሁንም ዝም ከተባሉ ሰሌዳውን አጥፍተው ከመጀመሪያው ይነሣሉ። ዛሬ በየቀበሌው ትምህርት ቤት ሒሳብ ከሚያስተምሩት ብዙዎቹ በዚህ ዓይነት እንደገና መጀመር ውስጥ ያለፉ ናቸው።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ኮሌጁ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ማንም አያውቅም ነበር። መምህርት ገለቴ ትምህርቱን በድምፅ እየቀዱ በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ስማርት ስልክ ያለው ተማሪ ሰማ፤ የሌለው ከጓደኛው ጋር ተጠጋግቶ ሰማ፤ መጠጋጋት ደግሞ ክልክል ነበር። በክረምቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይኸው ትምህርትም ቆመ። ከዚያ በኋላ ጽሑፎች እየተባዙ በሚኒባስ ረዳቶች እጅ እንዲላኩ አደረጉ። ወደ ቡራዩ የተላከው አብዛኛው ደርሷል። ለሱሉልታ የታሰረው አንዱ እሽግ ግን መኪና ተሳስቶ ወሊሶ ደርሶ ተመልሷል። መምህርት ገለቴ “ከእኛ ይልቅ እሱ ሀገር አየ” ብለው ስቀው፣ እሽጉን እንደገና አሳስረው ልከውታል።

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ኮሌጆች በፈረቃ እንዲከፈቱ ሲፈቀድ የክፍሎቻችን ብዛት ለሁሉም ስላልበቃ፣ ተመራቂዎች ብቻ በአካል እንዲመጡ ተወሰነ። ለሌሎቹ በበር ላይና በቴሌግራም እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ወጣ፦ “የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ትምህርት ከሰኞ ጀምሮ በርቀት የሚሰጥ መሆኑን እናስታውቃለን።” ኮሌጁ ቤታችሁ ሆናችሁ ተማሩ ማለቱ ነበር። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ለወራት ስልክ በደወለ ቁጥር ሲሰማ የከረመው ርቀት አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት የአዋቂ እርምጃ። ሰኞ ጠዋት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ከየከተማው መጥተው የኳስ ሜዳውን ሞልተውት ተገኙ። አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነዋል፤ ሁለት ሁለት እርምጃ ተራርቀው ቆመዋል፤ ትምህርት በርቀት እስኪሰጣቸው ይጠብቃሉ።

የአስተዳደር ጉባኤው ተማሪዎቹን ወደ ቤታቸው ሊመልስ ነበር። መምህርት ገለቴ በመስኮት አይተው “የጻፍነውን አንብበው ነው የመጡት፤ በየትኛው አፋችን ነው ሂዱ የምንላቸው?” አሉ። ሰሌዳ ወደ ሜዳው ይውጣ ብለው አዘዙ፤ ወጣ። ከከተማው የመጡ የጤና ባለሙያዎችም አይተው ከተዘጋ ክፍል እንደሚሻል ስለመሰከሩ የሜዳ ትምህርት የኮሌጁ መደበኛ አሠራር ሆነ። የእያንዳንዱ ተማሪ መቆሚያ በኖራ ምልክት ተደረገበት። እርምጃውን የለኩት መምህር አክመል ናቸው፤ ቁመታቸውን የምታውቁ ተማሪዎች ሜዳው አልበቃ ያለው ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። “የመምህርት ገለቴ እርምጃ ይሁንልን” የሚል አቤቱታ ቀርቦ ተቀባይነት አላገኘም። ውኃ በጠፋ ቀን በርሜል በጋሪ ይመጣ ነበር። ነፋስ ሰሌዳውን በጣለው ጊዜ ሁሉ የቅርቡ ተማሪ ሊያነሣ ይሮጥና ሌሎቹ “ርቀት! ርቀት!” ብለው ይጮኹበታል። የሚያስቅ ጊዜ ነበር ማለት አይቻልም፤ ግን ይሳቅ ነበር።

ሜዳ ላይ ድምፅ አይቆይም። ከኋላ ያሉት “መምህርት፣ አልተሰማንም!” ይላሉ፤ መምህርት ገለቴ ጭምብላቸውን ሳያወርዱ ይጮኻሉ። የድምፅ ማጉያው ባትሪ ካለቀ ደግሞ ሁሉንም በጉሮሯቸው ይወጡታል። በየካቲት ወር መሳል ሲጀምሩ “ከጩኸቱ ነው” አሉ። እኛም ከጩኸቱ ነው አልን። በዚያ ሜዳ ላይ የዋለ መምህር ሁሉ ይስል ስለነበር የእሳቸውን ሳል ከሌላው የለየው ሰው አልነበረም። ሕመሙ የያዛቸው ከዚያ ሜዳ ይሁን፣ ከሚኒባስ ይሁን፣ ከገበያ ይሁን ኮሌጁ አያውቅም፤ ወደፊትም የሚያውቅ አይመስለንም። ለራሳቸው ምሬት መልስ ፈልገው የጠየቁን ተማሪዎች አሉ። እኛም ስንጠይቅ ከርመናል።

በእንዲህ ዓይነት መግለጫ ላይ “የሚቻለው ሁሉ ተደርጎላቸዋል” ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። ተደርጎላቸዋል፤ የሚቻለው ግን ጥቂት ነበር። መጋቢት ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው በኮሌጁ መኪና ይዘናቸው ዞርን። አንዱ ዘንድ አልጋ የለም፤ ሌላው ዘንድ አልጋ ኖሮ ኦክስጅን የለም። በመጨረሻ አልጋ ተገኘ። ባለቤታቸው አቶ ቦሩ በዚሁ ሕመም ቤት ውስጥ ተኝተው ስለነበር አድርሰዋቸው ከበር የተመለሱት ኦቦ ሊቤና መምህር አክመል ነበሩ፤ ወደ ውስጥ መግባት አይፈቀድም። መምህርት ገለቴ ከዚያ አልጋ ሆነው ለእናታቸው እየደወሉ “ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልመጣሁት” ይሉ እንደነበር ሰምተናል። ከዚያ መደወሉ ቀረ። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸውም ጥቂት ሰዎች በተገኙበት፣ በባለሙያዎች እጅ፣ በዚያው ቀን ሰበታ ላይ ተፈጸመ። የሬሳ ሣጥኑን የተሸከመ ባልደረባ የለም።

የሜዳው ትምህርት በመምህር አክመል ኃላፊነት ይቀጥላል። ክረምቱ ሲገባ ምን እንደምናደርግ ገና አልወሰንንም። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ይወስኑልን የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ኮሌጁ በሕመም ላይ ለሚገኙት ለባለቤታቸው ለአቶ ቦሩ ምሕረትን፣ ለልጆቻቸው የሚያሳድግ ዕድሜንና የሚያቅፍ ዘመድን፣ ለባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው ብርታትን ይመኛል። ለእናታቸው ለወ/ሮ ዱርሲቱ ግን ተመሳሳይ ቃል ጽፈን ለማለፍ አቅም አጥተናል። ስለዚህ የሆነውን እንናገራለን።

መርዶ ሲነገር፣ ነጋሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት በሐዘንተኛዋ ግራና ቀኝ ሰው ይቆማል። ራሷን መሬት ላይ እንዳትጥል፣ ፊቷን እንዳትነጭ የሚይዛት ሰው ነው። አገሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የሚይዝ ሰው ሳያዘጋጁ የሚያረዱ ሰዎች እንደ ጨካኝ ይታያሉ። ኦቦ ሊቤ ራሳቸውን ለይተው የሚቆዩበት ጊዜ ቢያልፍም ሳሉ አልለቀቃቸውም ነበር። አብረዋቸው የሄዱት የኮሌጁ ዲን አቶ ዮፍታሔ እሸቴና መምህር አክመል ደግሞ በዚያው ሳምንት ከታመሙ ሠራተኞች ጋር ሲሠሩ የነበሩ ናቸው። ወ/ሮ ዱርሲቱ የሰባ ዓመት እናት ናቸው፤ አስምም አለባቸው። ጎረቤቶቻቸው ይይዙልናል ብለን ነበር።

ጎህ ሲቀድ ደረሱ። ወ/ሮ ዱርሲቱ በራቸውን ከፍተው ሲወጡ ሦስት ሰዎች አፋቸውን ሸፍነው፣ ተራርቀው፣ በማለዳ ግቢያቸው ውስጥ ቆመው አገኙ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። “ሊቤ፣ ምነው ራቃችሁኝ? ኮታ፣ ኑ ቅረቡኝ እንጂ” አሉ። የቀረበ ሰው የለም። ኦቦ ሊቤ ከቆሙበት ሆነው “ገለቴ የለችም፣ እህቴ” አሉ። ጩኸቱን የሰሙት ጎረቤቶች ሮጠው መጡ፤ ጭምብሉን ሲያዩ ግን ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። እንፈርድባቸዋለን ማለት አይደለም፤ በዚያ ሰሞን ማን ምን እንደሚያደርግ እኛም አይተናል።

ኦቦ ሊቤ ወደ ዲኑ ዞረው “ልያዛት ወይ?” ብለው ጠየቁ። የኮሌጁ ዲን ናቸውና፣ ለመሰል ጉዳይ ሁሉ መመሪያ የሚያውቁ መስሏቸው ነው። አቶ ዮፍታሔ ወደ መምህር አክመል ዞሩ። መምህር አክመልም ወደ ኦቦ ሊቤ ዞሩ። ቢይዟቸው ምን ይመጣ እንደነበር፣ ባይዟቸው ምን እንደቀረ ኮሌጁ ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ተነጋግሮበታል፤ ዛሬም ይነጋገርበታል።

ወ/ሮ ዱርሲቱ ብቻቸውን ወደቁ። ብዙ አለቀሱ። የልጃቸውን ስም እየጠሩ መሬቱን መቱት፤ እኛ ቆመን አየን። በኋላ ማንም እጁን ሳይሰጣቸው በራሳቸው ተነሡ፤ አቧራቸውንም አራገፉ። ሦስቱንም ተራ በተራ አይተው “እናንተም አልቅሳችኋል መሰለኝ፤ እግዜር ያጽናችሁ” አሉ። ከኮሌጁ የሄደ ሰው ይህን ቃል እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላላቸውም ነበር።

ቀጨሞ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ
ሰበታ፣ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም.