ያልደረቀው ማጣሪያ

ረቡዕ፣ የካቲት 18፤ ጫሞ ዳር

የመኪናው ኤሲ ከቀትር ጀምሮ ቆሟል፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሲቀላ ሰፈር ያለ የመኪና ዕቃ ባለሱቅ ሁለት የኤሲ ማጣሪያ ሲያሳየኝ ወፍራሙን መረጥኩ። አቧራ ያስቀርልኛል አልኩ እንጂ አየሩንም እንደሚያፍን መች አሰብኩ? ኤሲው ውስጡ በረዶ ጋግሮ ቀጥ አለ። ወፍራሙን አውጥቼ ጣልኩና አሮጌውን ስስ ማጣሪያ አጠብኩት። በዚህ ወበቅ አልደርቅ አለኝ። እርጥቡን ብከተው ይሻግታል፤ ያለ ማጣሪያ ባስነሳው አቧራውን እማዬ ላይ ይነፋዋል። አስም አለባት። ለሕክምና ከጨንቻ ሳወርዳት፣ «መኪናዬ አልጋ አለው፣ ከሆቴል ይሻልሻል» ያልኳት እኔው ነኝ።

ሲመሽ ሳሏ ባሰ።

«መስኮቱን ክፈተው፣ ልጄ። ታፈንኩ።»

«የወባ ትንኝ ይገባል፣ እማዬ። አጎበር አላመጣሁም። ደገኛ ደግሞ ወባ አይችልም።»

«ወባው እስኪይዘኝስ መተንፈስ የለብኝም?» ብላ ተቆጣች።

ከፈትኩት። የሐይቁ ነፋስ ገባ፤ ሳሏ ቀስ በቀስ ቆመና እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ማጣሪያውን በካርቶን እያራገብኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዳሰስኩት፤ አሁንም እርጥብ ነው።

ጆሮዬ ሥር እዝዝ አለ። መስኮቱን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ። እማዬ በእንቅልፏ ረጅም ትንፋሽ ሳበች።

እጄን መለስኩት።