ናይደንን ለፋቀልን የጽዳት ዘመቻ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የከተማችን ከንቲባ
ጽሕፈት ቤትዎ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየመብራት ምሰሶው ያሰቀሏቸው አዲሶቹ አበቦችም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴና ከግራ ጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፤ ጆሮዬም ቢሆን የሚያናግረው ሰው እያነሰ ስለመጣ ብዙም አላማርርበትም። ደብዳቤዬን እንደ ድሮው በገበያው መንገድ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው አስቤ ነበር። ነገር ግን ፀሐይ ሳይሞቀው እንደሚፋቅ ስለማውቅ፣ የከተማችን ጋዜጣ ከምጣድ ማስታወቂያው አጠገብ ጥቂት ቦታ እንዲሰጠኝ ለምኜ እሺ ብሎኛል።

የገበያውን መንገድ ስላስዋቡልን ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ በቁጥር ያልቀረበ ነገር እንደማያነብ ተነግሮኛልና።

አንደኛ፣ ስለ አግዳሚ ወንበሩ አመሰግናለሁ። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት የነበረውን አሮጌ የእንጨት አግዳሚ አስነስተው፣ «ማዕበል» የሚል ስም የተሰጠውን የብረት የጥበብ ሥራ ተክለውልናል። በእውነትም ማዕበል ነው፤ የተቀመጠበት ሰው ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ዳቦ ቤቱ በር ይንሸራተታል። የዳማ ሰሌዳ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ቦታ ስለሌለው እኔ ሰሌዳዬን በጉልበቴ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ስለ ጉልበቴ ደግሞ ከላይ ገልጫለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥዕሉ አመሰግናለሁ። በተዘጋው የጨርቃ ጨርቅ መደብር ግድግዳ ላይ ሦስት ፎቅ የሚያህል፣ ከደረቱ ጀምሮ ወደ ላይ የሚታይ፣ ባርኔጣው ላይ ወፍ ያረፈችበት ሽማግሌ አሥለውልናል። በዚህ ዕድሜ ያን ሁሉ ጥርስ የያዘ ሽማግሌ በከተማችን አይቼ ባላውቅም፣ ተስፋ መስጠቱ አይከፋም። የሥዕሉ ስም «ጎረቤት» ነው። ሠዓሊው ከዋናው ከተማ የመጣ ትሑት ልጅ ነበርና መሰላሉ ሥር ቆሜ የማንን ጎረቤት አይቶ እንደሚሥል ጠየቅሁት። ማንንም አይቶ እንዳልሆነ ነገረኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጽዳቱ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ስለሚረዝም ይታገሡኝ።

ከሥዕሉ በፊት ያ ግድግዳ ምን እንደነበረ ክቡርነትዎ የሚዘነጉት አይመስለኝም፤ የአባትዎ የሙት ዓመት ወረቀትም የተለጠፈው እዚያው ነው፣ በፎቶግራፉ ላይ ያንን መልካም ካፖርታቸውን ለብሰው። በአገራችን ሰው ሲሞት ፎቶግራፉ፣ ስሙና የቀብሩ ሰዓት በጥቁር ክፈፍ ታትሞ በበሩ፣ በግድግዳው፣ በምሰሶው ይለጠፋል፤ ለአርባው ይደገማል፣ ለሙት ዓመቱም ይደገማል። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሁሉ መነጽሩን አውጥቶ ማን እንደሄደ ካነበበ በኋላ ነው ወደ ዳቦው የሚያልፈው። መርዶ የሚደርሰን በዚህ ነው፤ ሌላ መንገድ አላበጀንም። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ግን ወረቀቶቹን «የእይታ ብክለት» ብሎ ሰየማቸውና፣ በመንገዱ ምርቃት ዋዜማ መፋቂያና የውሃ ቱቦ የያዙ ሠራተኞች ልኮ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አጸዳልን። ሠራተኞቹ ትጉሃን ነበሩ። ምንም አላስተረፉም።

በዚያው ማለዳ ሮሲጻ የምትባል ሴት የአባቷን የመርዶ ወረቀት ለጥፋ ነበር። አባቷ ሰዓት ሠሪው ናይደን ነው፤ ለእኔ ደግሞ የዳማ ባላጋራዬ፣ ሚስቴ ካረፈች ወዲህም ከሰው ወገን በየቀኑ ስሜን የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር፣ ያውም ከስድብ ጋር። ሌሊት በእንቅልፉ አለፈ። ልጁ ስልክ ልትደውልልኝ ፈልጋ ቁጥሬን አላገኘችውም፤ ናይደን ቁጥሬን በቃሉ ስለሚያውቀው የትም አልጻፈውም፣ ይዞት ሄደ። እቤቴ መጥታ አንኳኳች። እኔ አልነበርሁም፤ በመንገዱ ሌላኛው ጫፍ ማዕበሉ ላይ ተቀምጬ አባቷን እየጠበቅሁ ነበር። እሷም እንዳነበው ብላ ወረቀቱን በሕንጻችን መግቢያ በር ላይ ለጥፋልኝ ተመለሰች። በራችን ደግሞ በገበያው መንገድ በኩል ስለሆነ፣ ማምሻውን ስገባ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። የበራችንን መጽዳት አይቼ ክቡርነትዎን በልቤ አመስግኛለሁ፤ ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

በዚያ ቀን ናይደን ሳይመጣ ሲቀር ለመንገደኛው ሁሉ ሳማው ዋልሁ። በቀደመው ቀን ሁለት ጠጠር ስላነገሥሁበት ተደብቆ ነው አልሁ። ባለ ዳቦ ቤቷ ምን ሆኖ ቀረ ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ሰዓቱ ቆሞበት ይሆናል» ብዬ ቀለድሁ። አብረን ሳቅን።

በማግስቱ ምርቃቱ ሆነ። የክቡርነትዎን ንግግር ከፊተኛው ረድፍ አዳመጥሁ፤ ይህ መንገድ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያገኝበት ይሆናል ሲሉ በሁለት እጄ አጨበጨብሁ። የታደለው በአይብ ተሞልቶ የተጋገረ ባኒጻ ትኩስ ነበር። አንዱን በላሁ፤ አንዱን ለናይደን ብዬ በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትሁ፣ ኩርፊያውን በሆዱ በኩል ላበርድለት። ከዚያም ወደ ቤቱ ሄድሁ።

በሩን ጥቁር የለበሰችው ሮሲጻ ከፈተችልኝ። ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «አባባ ራንጌል፣ ቀብሩ ላይ አላየንዎትም፤ ከአባባ ጋር ተጣልታችሁ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ የምንጣላውማ በየቀኑ ነበር። ለካ እርስዎ ሪባኑን ሲቆርጡና እኔ ሳጨበጭብ፣ ናይደንን ቄሱ፣ ልጁ፣ አማቹና ቆፋሪዎቹ እያወረዱት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ለቀብርተኛ የተዘጋጀው ንፍሮ እንደሞላ ነበር። ባኒጻውን ከኪሴ አውጥቼ የናይደን ድርሻ ነው አልኋት፤ ተቀበለችኝና ንፍሮ በሳህን ሰጠችኝ። ከምርቃትዎም ከቀብሩም በአንድ ቀን የቀመስሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ናይደንን እኔ በሰሌዳው ላይ ብዙ ነገር ብዬዋለሁ። አህያ ብዬዋለሁ፣ ሌባም ብዬዋለሁ። ብክለት ብዬው ግን አላውቅም።

አራተኛ፣ ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ። ወደ መሥሪያ ቤትዎ ሄጄ በገበያው መንገድ ለሞቱት ወረቀት የሚለጠፍበት አንድ ሰሌዳ ብቻ እንዲቆም ብለምን፣ አንዲት ጨዋ ልጅ ወንበር ስባልኝ፣ «አባባ፣ የተፈቀደ ቦታ እኮ አለ፤ ከጀርባው መንገድ፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። በዚያ የሚያልፍ ሰው አላገኘሁም፤ ያገኘኋት ድመት ነች፣ እሷም ለወሬ ፍላጎት አልነበራትም።

አሁን ማዕበሉ ላይ ለብቻዬ ዳማ እጫወታለሁ። በሁለቱም ወገን እኔው ነኝ። ስሳሳት የሚሰድበኝ ስለሌለ ጨዋታው በጣም ጸጥ ያለና ለመንገዱ ውበት የሚስማማ ሆኗል።

የፊታችን ቅዳሜ የናይደን አርባ ነው። ሮሲጻ ወረቀቶቹን ለእኔ አደራ ብላ ሄዳለች። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት፣ ሰው ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ፣ አንዷን በ«ጎረቤት» ደረት ላይ እጄ እስከደረሰ ድረስ ከፍ አድርጌ የምለጥፍ መሆኔን በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ። ለዚያ ሁሉ ጥርስ ስም ብቻ ነው የጎደለው። ሠራተኞችዎን መላክዎ አይቀርምና ማዕበሉ ላይ ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ፤ የምለምነው ከመፋቃቸው በፊት ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ ብቻ ነው። ንፍሮው ለእነሱም ይበቃል። ለክቡርነትዎም ይበቃል።

የግድግዳዎ ንጽሕና ለረጅም ዘመን እንዲጠበቅ፣ አበቦችዎም እንዳይጠወልጉ እየተመኘሁ፣ ከማዕበሉ ላይ እየተንሸራተትሁ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ
ራንጌል ቹካኖቭ
ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር

የረሳሁት ነገር፦ የራሴንም የመርዶ ወረቀት አሳትሜአለሁ፤ ቀኑን ብቻ ክፍት ትቼዋለሁ፣ ክፈፉንም ከአዲሶቹ መብራቶችዎ ጋር እንዲሄድ አረንጓዴ አድርጌዋለሁ። ልጄ ስፔን ነው፤ ናይደን ደግሞ ቀደመኝ፤ የሚለጥፍልኝ ሰው አጣሁ። በየሳምንቱ ያንን ግድግዳ የሚጎበኙ የእርስዎ ሠራተኞች ብቻ ስለሆኑ፣ ጊዜው ሲደርስ እነሱ እንዲለጥፉልኝ እለምናለሁ። መፋቂያው አብሯቸው ስለሚሆን ሁለት ጊዜ አይደክሙም። አንድ ጠዋት ብቻ ይቆይልኝ፤ ሰው ዳቦ እስኪገዛ ድረስ።